መዝሙርን ከዘፈን የሚለየው ዜማው ነው፣ ግጥሙ ነው ወይስ የሚቀርብበት ቦታ?

ጥያቄ፦ «አገልጋይ ከሀዋሳ»

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በሀዋሳ በአንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ወጣቶችን በማስተማር አገለግላለሁ። በሚቀጥለው ወር ለመዘምራንና ለሙዚቃ ተጫዋቾች፣ ክርስቲያን ምን ዓይነት ሙዚቃ ሊሰማና ሊጫወት እንደሚገባው ትምህርት እንድሰጥ በሽማግሌዎች ተመድቤአለሁ። አስቀድሜ ወጣቶቹን ሳነጋግር ግን በተለመደው መልስ የማይዘጉ ሦስት ጉዳዮች ተነሡ።

የመጀመሪያው ስለ ኪቦርድ ተጫዋቻችን ነው። ይህ ወንድም እሑድ ጠዋት በአምልኮ ያገለግላል፤ ቅዳሜ ደግሞ ከባንድ ጋር በሠርግ አዳራሽ እየተከፈለው ይጫወታል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለሁለት ጌቶች መገዛት አይቻልም በማለት ከአገልግሎት እንዲታገድ ጠይቀዋል። ሁለተኛው መዘምራኑ እያጠኑት ስላለ አዲስ መዝሙር ነው። ግጥሙ ነቀፋ የለበትም፤ ነገር ግን መግቢያው ባለፈው ዓመት በየታክሲው ሲደመጥ ከነበረ ዘፈን ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል፣ ኪቦርዱ ገና ሲጀምር ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያይተው ፈገግ ይላሉ። ሦስተኛውን ያነሣችው አንዲት እኅት ናት። እናቷን በሞት ካጣች ወዲህ ማታ ማታ የትዝታ ዘፈን ትሰማለች፤ «እንባዬ የሚመጣልኝ ያን ጊዜ ነው፤ ይህ ኃጢአት ነው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እስከ ዛሬ የምንሰጠው መልስ ገላትያ 5፥21 ነው፤ «ዘፋኝነት» ከሥጋ ሥራዎች መካከል ተቆጥሯልና። ጥቅሱን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ሆኖም ይኸው መጽሐፍ በ2ኛ ሳሙኤል 6፥14 ዳዊት በእግዚአብሔር ፊት በሙሉ ኃይሉ ይዘፍን እንደ ነበር ይነግረናል፤ መዝሙር 150ም በከበሮና በዘፈን አመስግኑት ይላል። ወጣቶቹም ይህን አንብበዋል። ስለዚህ የምለምናችሁ የተፈቀዱና የተከለከሉ ዘፈኖችን ዝርዝር ሳይሆን፣ አንድ ወጣት እኔ በሌለሁበት ራሱ ሊጠቀምበት የሚችለውን መመዘኛ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወገኖቻችንም ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል፤ በዚህ ጉዳይ ከእኛ ይልቅ ረጅም ዘመን አስበውበታልና።

መልስ፦ «ባለድጓው»

ሰላመ እግዚአብሔር አይለየን። ወንድሜ፣ ስለ ጋበዙን አመሰግናለሁ፤ በዜማ ቤት ከተማርሁት ጥቂቱን ልበል።

በእኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ የሚጀምረው ከሥርዓት ነው፤ ጆሮን ደስ ማሰኘቱ ኋላ የሚመጣ ነገር ነው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የተነሣው ቅዱስ ያሬድ ዜማውን በሦስት ስልቶች፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ እንዳቆመልን እንማራለን፤ ሊቃውንቱም ሦስቱን በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ይመስሏቸዋል። የዜማ መጽሐፋችን ድጓው በየወቅቱና በየበዓሉ የተደለደለ ስለ ሆነ፣ መሪጌታው ዛሬ ምን ልበል ብሎ እንደ ስሜቱ አይመርጥም፤ ዕለቱ የሚያዝዘውን ይመራል። ተማሪውም ድጓውን ለመምህርነት በሚያበቃ ደረጃ ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉትን የዜማ መጻሕፍት ለማስመስከር ደግሞ ዙር አምባ ይወርዳል፤ ይህ ሁሉ ድካም ዘማሪው የራሱን ጣዕም በቃሉ ላይ እንዳይጭን የሚጠብቅ አጥር ነው።

ስለ መሣሪያ የሚነሣው ክርክር ማኅሌት ላይ ቆሞ ላየ ሰው በከፊል የሚቀልል ይመስለኛል። አንዱ ቃል መጀመሪያ በቁም ዜማ ያለ ምንም መሣሪያ ይባላል። ቀጥሎ መቋሚያ በሚባለው ዘንግ ይዘመማል። ጸናጽሉና ከበሮው የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ቃሉ ሳይሰማ ከበሮ አይቀድምም ማለት ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ያ ሰፊ አፉ የመለኮት፣ ጠባብ አፉ የትስብእት (ሰው የመሆኑ) ምሳሌ ነው የምንለው ከበሮ ራሱ ይቀመጣል፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል። ከበሮው በጾሙ ጊዜ ረክሶ አይደለም፤ የተቀደሰ ነገርም ጊዜ ስላለው ነው። ወጣቶቹ ይህን ቢያስተውሉ፣ «ይህ መሣሪያ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «አሁን ጊዜው ነው ወይ» የሚለው እንደሚበልጥ የሚረዱ ይመስለኛል።

ሕዝባችን በገናን የዳዊት፣ ክራርን የሰይጣን መሣሪያ ይል ነበር። አሥር አውታር ያለው በገና ግን በቅዳሴም ሆነ በማኅሌት አይደረደርም፤ ቦታው የቤት ጸሎትና የጾም ወራት ነው። ክራርም በበኩሉ ከማሲንቆና ከዋሽንት ጋር በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ውስጥ ሲሰማ ዛሬ ብዙዎች አይደነግጡም። በእኛ ቤት ኪቦርድና ጊታር የሚከለከሉትም ዕቃው ርኩስ ነው ተብሎ ሳይሆን፣ ያሬዳዊው ዜማ እንዳይሟሟ ተፈርቶ ነው።

ወደ ሦስቱ ጉዳዮች ስመለስ፣ የዘፈኑን መግቢያ ወስዶ መዝሙር ላይ መትከል ትክክል አይመስለኝም። ሰው በቤተ መቅደስ ቆሞ ልቡን ወደ ታክሲው የሚመልስ ነገር በገዛ እጃችን ለምን እናስገባለን? ስለ እኅታችን ግን ከእርስዎ ይልቅ ለዘብ ብዬ እናገራለሁ። ካህናትና ዲያቆናት በዘፈን ቦታ እንዳይገኙ የሚጠብቃቸው ጠንከር ያለ ሥርዓት አለ፤ ምእመንን በተመለከተ ግን የንስሐ አባቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ያቀርቡልኛል፦ «ሰምተህ ስታበቃ ውዳሴ ማርያምህን ለማድረስ ትነሣለህ ወይስ ትተኛለህ?»

መልስ፦ «የቀድሞ አቀናባሪ»

ጌታ ይባርክህ ወንድሜ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ስቱዲዮ ለብዙ ዓመታት መዝሙርም ዘፈንም አቀናብሬአለሁ፤ አሁን መዝሙር ብቻ እሠራለሁ። ስለዚህ የምናገረው ከማቀናበሪያው ወንበር ነው።

ዘማሪው ወይም ዘፋኙ ማይክሮፎን ፊት እስኪቆም ድረስ ሥራው አንድ ነው። ሰውየው በስልኩ ቀድቶ ያመጣውን ዜማ እሰማለሁ፤ ቅኝቱ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺሆዬ እለያለሁ፤ ፍጥነቱን እወስናለሁ፤ ሞቅ ያለ ከሆነ ችክችካ የሚባለውን ምት ከኪቦርዱ እጠራለሁ፤ ቤዙን እደርባለሁ፤ በግጥሙ መካከል ያለውን ክፍተት በሳክስፎን ወይም በማሲንቆ እሞላለሁ። ቅኝት ሃይማኖት የለውም። በወሎ የሙስሊሞቹ መንዙማም፣ የአዝማሪው ዘፈንም፣ የእኛ መዝሙርም ከእነዚሁ ቅኝቶች ይቀዳሉ። ስለዚህ «ይህ ዜማ ዓለማዊ ነው» የሚለኝን ሰው የትኛው ድምፅ ላይ እንደ ሆነ ጠይቄው መልስ አግኝቼ አላውቅም። ባለድጓው ወንድማችን ይቅር ይበለኝና፣ የእርሱ መልስ ለሺህ ዘመናት የቆየ የዜማ ሥርዓት ላለው ቤት የሚሠራ ነው፤ እኛ ወንጌላውያን እንዲህ ያለ ሥርዓት ስለሌለን ፍርዳችን ከግጥሙ መጀመር አለበት።

አንድ መዝሙር ከመቀበሌ በፊት ግጥሙ በወረቀት ተጽፎ እንዲመጣልኝ እጠይቃለሁ፤ ያለ ዜማ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። መጀመሪያ የማየው «አንተ» የሚባለው ማን እንደ ሆነ ነው። ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው ድረስ ሳይለወጥ ለፍቅረኛ ሊላክ የሚችል ግጥም፣ ዘማሪው ምንም ያህል ቢያለቅስበት፣ ለጉባኤ አይበቃም። ቀጥሎ «ጠላቴ» የሚባለው ማን እንደ ሆነ እመለከታለሁ። ይህ በዘመናችን ያለ ትልቅ ሕመም ነው። ትናንት የናቁኝ ዛሬ አፈሩ፣ ከፍ ማለቴን አይተው ተቃጠሉ የሚሉ ስንኞች መድረኩን ሞልተውታል። ዳዊትም ስለ ጠላቶቹ ዘምሯል ትሉኝ ይሆናል፤ እርሱ ግን በቀሉን ለእግዚአብሔር ትቶ ነው፤ የእኛ ግጥም ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ጎረቤትና ስለ ቢሮ ባልደረባ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ልጇን በእሹሩሩ የምታስተኛ እናት ከእንዲህ ያለው መዝሙር ይልቅ ለእግዚአብሔር የቀረበች ይመስለኛል።

ይህን ያልሁት ደግሞ በመዝሙርና በኃጢአት መካከል ሌላ ሰፊ ሜዳ እንዳለ ስለማምን ነው። እሹሩሩ አለ፤ የአጨዳ ዜማ አለ፤ ለሙሽራ የሚባለው አለ፤ የለቅሶ እንጉርጉሮ አለ። በ2ኛ ሳሙኤል 1 ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን የተቀኘውን ሙሾ ልብ ብለህ አንብበው፤ ከቁጥር 19 እስከ 27 የእግዚአብሔር ስም አንድ ጊዜ እንኳን አልተጠራም። ዳዊት ወዳጁን ማጣቱን፣ የወንድሙ ፍቅር ድንቅ እንደ ነበረ ብቻ ይናገራል፤ ያም በመጽሐፍ ቅዱስ ተጽፎ ለይሁዳ ልጆች እንዲማሩት ታዘዘ። ስለዚህ ለእኅትህ እንዲህ በላት፦ እናትን ማልቀስ ኃጢአት አይደለም፤ በዜማ ማልቀስም አይደለም። ከምትሰማቸው መካከል ናፍቆቷን የሚሸከሙላትንና ተስፋ የሚያስቆርጧትን ራሷ ትለያቸዋለች። ገላትያ 5፥21ም ሆነ ሮሜ 13፥13 ዘፈንን የሚያነሡት ከስካር ጎን አድርገው ነው፤ ጳውሎስ የሚያሳየን ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቅ ፈንጠዝያ እንጂ ሐዘንተኛ ሴት በክፍሏ የምትሰማውን ዜማ አይመስለኝም።

«አገልጋይ ከሀዋሳ» ይመለሳል፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለእኅቴ የምነግራት አግኝቻለሁ። ግጥሙን ያለ ዜማ ማንበቡንም ከወጣቶቹ ጋር እሞክረዋለሁ። በመዝሙሩ መግቢያ ላይ ግን ተቃራኒ ነገር ነው የነገራችሁኝ። አንዳችሁ ልብን ወደ ታክሲው ይመልሳል ትሉኛላችሁ፤ ሌላችሁ ቅኝት ሃይማኖት የለውም ትሉኛላችሁ። ስለ ኪቦርድ ተጫዋቹም እስካሁን መልስ አላገኘሁም። ይህ ልጅ ታናናሾቹን የሚያስተምረው በሠርጉ ገንዘብ እንደ ሆነ መጨመር አለብኝ።

መልስ፦ «ተማሪ ከላይፕዚግ»

ስለ መግቢያው ብቻ ልመልስ። የምኖርበት ከተማ የሙዚቃ ደራሲው ባኽ ከ1723 እስከ 1750 እ.ኤ.አ. የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ኃላፊ ሆኖ ያገለገለበት ነው፤ እዚህ ይህ ጥያቄ አርጅቶ ሽበት አውጥቷል። በስቅለት ሰሞን ምእመናኑ የሚዘምሩት፣ የጌታን የቆሰለ ራስ የሚያስብ ታላቅ መዝሙር አለ። ዜማው በ1601 እ.ኤ.አ. ሀንስ ሌዮ ሃስለር ለአንድ የፍቅር ዘፈን ያወጣው ነው። ባኽ ራሱ በ1733 ለንግሥቲቱ ልደት የደረሰውን ሙዚቃ በሚቀጥለው ዓመት ለገና በዓል አውሎታል። የመጀመሪያው ግጥም ከበሮዎችን «ድምፃችሁን አሰሙ» እያለ ስለሚጠራ ሙዚቃው በከበሮ ይጀምራል፤ ግጥሙ ተለውጦ የክርስቶስ ልደት ሲነገርበትም ያው ከበሮ ቀርቷል። እስከዚህ ድረስ አቀናባሪው ወንድማችን ትክክል ነው።

የተሐድሶው መሪ ሉተር ግን የሚያስገርም ሌላ ምሳሌ ይሰጠናል። ለአንድ የገና መዝሙሩ መጀመሪያ ሕዝቡ ከሚጫወትበት የእንቆቅልሽ ዘፈን ዜማ ተውሶ ነበር፤ በ1539 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፍ ግን ያ ዜማ ወጥቶ በአዲስ ተተክቷል። ምክንያቱ የመጀመሪያው ዜማ ገና በየጭፈራው ይሰማ ስለ ነበር ነው ብለው የሚያስረዱ አሉ። ከሁለቱ የምወስደው ይህን ነው፦ ዜማ በራሱ ርኩስ ባይሆንም ትዝታ ይሸከማል፤ ያ ትዝታ ደግሞ ከትውልድ ጋር ይሞታል። ዛሬ ጀርመን ውስጥ የሃስለርን ዜማ ሰምቶ የፍቅር ዘፈኑን ወጣት ሴት የሚያስብ ሰው የለም። የእናንተ ወጣቶች ግን ዘፈኑን የሰሙት አምና ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያ መግቢያ ማንንም ላያሰናክል ይችላል፤ በሚመጣው እሑድ ግን ያሰናክላል፤ ስለዚህ መዘምራኑ መግቢያውን ብቻ ይለውጡት፣ መዝሙሩን አይጣሉት።

ቅዱስ አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው ድርሰቱ በአሥረኛው መጽሐፍ ከሚዘመረው ነገር ይልቅ አዘማመሩ ሲያነቃንቀው እንደ በደለ ይቆጥረው ነበር፤ ያን ጊዜ ዘማሪውን ባልሰማ ይሻለኝ ነበር ይላል። ነገር ግን በሚላን ቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ያፈሰሰውንም እንባ ያስታውሳልና ዝማሬ ይቅር አላለም። ባለድጓው ይፈቅዱልኝ እንደ ሆነ፣ በእኛም ትውፊት ዐፄ ገብረ መስቀል በቅዱስ ያሬድ ዜማ ተመስጠው ጦራቸውን በእግሩ ላይ ሲተክሉ፣ ዜማው እስኪፈጸም ንጉሡም አላወቁ፣ እርሱም አልተሰማው። አውግስጢኖስ ቢያይ ኖሮ ሳይፈራላቸው አይቀርም ነበር!

መልስ፦ «እናት ከሜሪላንድ»

ሰላም ልጆቼ። አቀናባሪው ልጄ ስለ ግጥም የተናገርኸውን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን ግጥሙ ጥሩ መሆኑ ብቻ አይበቃም። እዚህ ልጆቻችን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይዘምራሉ፤ መብራቱ ደብዘዝ ይላል፣ ድምፁ ደረትን ይመታል፣ ሁሉም ያለቅሳል። አንድ እሑድ የድምፅ መሣሪያው በመዝሙሩ መካከል ተበላሸና ዝም አለ። እኛ ትልልቆቹ በጭብጨባ ቀጠልን፤ ወጣቶቹ ግን አዝማቹን ካሉ በኋላ ስንኞቹን አያውቋቸውም ነበር፤ ያንን መዝሙር በየሳምንቱ እያለቀሱ ይዘምሩት ነበር እኮ! እኛ በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግቶ፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን በየቤቱ ስንዘምር፣ ከካሴት እየሰማን በደብተር የገለበጥናቸውን መዝሙሮች እስከ ዛሬ ስንኝ በስንኝ እናውቃቸዋለን። ጳውሎስ «በመንፈስ እዘምራለሁ በአእምሮም ደግሞ እዘምራለሁ» ያለው ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ከዚያ ወዲህ ልጆቼን ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ዛሬ የዘመራችሁት ስለ ጌታ ምን አለ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን የሚመልሱት አላቸው፤ አንዳንድ ቀን «ደስ ይል ነበር» ከማለት በቀር የሚሉት የላቸውም።

መልስ፦ «የቀድሞ አቀናባሪ»

እማማ፣ ተቀብያለሁ። የላይፕዚጉም ወንድም ስለ መግቢያው የሰጠውን ምክር እቀበላለሁ፤ መግቢያ መለወጥ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ስለ ኪቦርድ ተጫዋቹ ግን ሽማግሌዎቹ ሳይቆጡኝ የማይቀር ነገር ልናገር። ሠርግ ጌታችን ራሱ በቃና የተገኘበት ቦታ ነው፤ በሠርግ ላይ መጫወት ብቻውን ሰውን ከአምልኮ አያስወጣም። ልጁ ሊጠየቅ የሚገባው በየትኛው ሠርግ፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ ምን እየተጫወተ እንደ ሆነ ነው። እኔ በዚያ ሥራ ሳለሁ ከባንዱ መሪ ጋር አስቀድሜ እስማማ ነበር፤ ሙሽሮቹ ከወጡ በኋላ ለሚቀጥለው የመጠጥ ሰዓት አልቀመጥም፣ ዝሙትን የሚያሞግስ ዘፈን ሲመጣ ሌላ ሰው ይተካኛል። ገንዘብ ተቀንሶብኛል፣ ሥራ ግን አላጣሁም። ደካማ ሕሊና ያለው ወንድም በእርሱ የሚሰናከል ከሆነ ደግሞ በ1ኛ ቆሮንቶስ 8 መሠረት ልጁ መብቱን ስለ ወንድሙ ሊተው ይችላል፤ ይህ ግን በፍቅር የሚለመን ነገር ነው፤ በእገዳ አይመጣም።

ደግሞስ ቤተ ክርስቲያናችሁ ለዚህ ልጅ በወር ስንት ትከፍለዋለች? በብዙ ቦታ ኪቦርዱን የሚገዛው ራሱ ነው፣ የታክሲውን የሚከፍለው ራሱ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ለልምምድ የሚመጣው በነጻ ነው። ነህምያ 13፥10 ላይ ሌዋውያኑና መዘምራኑ ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው አገልግሎቱን ትተው እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው እንደ ሄዱ ተጽፏል። በሚቀጥለው ቁጥር ነህምያ የተቆጣው መዘምራኑን አልነበረም፤ ሹማምንቱን ነበር።

«አገልጋይ ከሀዋሳ»፦

ተባረኩ። ልጁን ሐሙስ አገኘዋለሁ፤ ከባንዱ ጋር ስላለው ስምምነት በዝርዝር እጠይቀዋለሁ። መግቢያውን የሚለውጠውም እርሱ ራሱ ቢሆን እመርጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን ማክሰኞ የሽማግሌዎች ስብሰባ አለን፤ ነህምያ 13ን ይዤ እገባለሁ።